አማቴ የጠረጉት ቅጠል

ከቤታችን ጀርባ አንዲት ጠባብ ጓሮ አለች። መኪና ቢቆምባት ሰው በጎኑ አያልፍም። ቤቱን መጀመሪያ ስንከራይ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትውልባት ስለነበር ኬንያውያን ሱኩማ የሚሉትን ጎመን ዘራሁባት። ለሦስት ዓመት ጎመን ገዝቼ አላውቅም። ከዚያ አጠገባችን የነበረው አሮጌ ቤት ተሸጠና ፈረሰ፤ በቦታው ባለ ስምንት ፎቅ አፓርታማ ቆመ። እዚህ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንድ ቀን ጠዋት መጋረጃ ስትገልጡ ሰማዩ ቦታው ላይ የለም።

ጎመኑ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሆነ፣ በመጨረሻ ተኛ። ቆስጣ ሞከርኩ፤ እሱም ተኛ። አፈሩ ላይ የቀረው አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ብቻ ነበር።

እኔ የምሠራው ዌስትላንድስ ውስጥ፣ በአንድ አነስተኛ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ነው። ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ ደምና ሰገራ ሳይ እውላለሁ። ማታ ስመለስ ዓይኔን የማሳርፍበት ነገር እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ሥራው ሞምባሳ ወደብ ስለሆነ ቤት የሚመጣው በወር አንዴ ነው። ቤቱ የእኔና የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጃችን ነበር፤ እሷ ደግሞ በዚያ ዕድሜዋ ክፍሏን ዘግታ መቀመጥ ጀምራለች።

ከሥራ ወደ ቤት በምሄድበት መንገድ ዳር፣ ጃካራንዳ ዛፍ ሥር፣ ችግኝ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። የጓሮዬን ነገር ነገርኳቸውና ጽጌረዳ ይሻል እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ።

«ማማ፣ ፀሐይ የሌለው ቦታ ላይ ፀሐይ የሚወድ ነገር ለምን ትተክያለሽ?» አሉኝ በስዋሂሊ። ከኋላቸው ከጆንያ ጥላ ሥር አንድ የፕላስቲክ ከረጢት አወጡ። ከውስጡ ሦስት አራት ረጃጅም ቅጠሎች ወጥተው ወደ ውጭ ጎንበስ ብለዋል። እያንዳንዱ ቅጠል በግራና በቀኝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተተልትሏል። መሐሉ ላይ ገና ያልተፈታ አንድ ቡቃያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ፈርን ነው። የደጋው ጫካችን ልጅ። ትልልቅ ዛፍ ሥር ነው የሚያድገው፤ ፀሐይ ካገኘው ይቃጠላል።»

«ከጫካ ነቅለውት ነው?»

«ከጫካ መንቀል ክልክል ነው» አሉ ቆጣ ብለው። «እኔ ያሳደግኩት ነው። እናቱ ቤቴ አለች።»

ሦስት ችግኝ ወሰድኩ። ከመሄዴ በፊት ክንዴን ይዘው አስጠነቀቁኝ። መሐሉን፣ ቡቃያው የሚወጣበትን፣ አፈር እንዳላለብሰው። የበሰበሰ ቅጠል ከሥሩ እንድነሰንስለት። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ እንዳይተኛበት። «ከሁሉም በላይ ግን» አሉ፣ «ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በቀስ። ቶሎ ቶሎ አትነካኪው።»

እንዳሉኝ አላደረግኩም። የመጀመሪያውን ፈርን፣ ጎመን እንደምተክለው አድርጌ እስከ አንገቱ ቀበርኩት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መሐሉ ጠቁሮ በሰበሰ። ሁለቱን ግን አውጥቼ ከፍ አድርጌ ተከልኳቸው። ከቧንቧው አጠገብ፣ ግንቡ ሥር። ለሁለት ወር ያህል ምንም አልሆኑም፤ አልሞቱም፣ አላደጉም። ከዚያ አንድ ጠዋት ውሃ ላጠጣ ስወጣ ከአንዱ መሐል አምስት ቡቃያ በአንዴ ብቅ ብሏል፤ ቡናማ ጸጉር የለበሰ፣ የተጠቀለለ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲፈታ አየሁት። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ መጀመሪያ ወደ ጓሮ መሄድ ለመድኩ።

አማቴ የመጡት ፈርኖቹ እንደዚያ በተንዠረገጉበት ጊዜ ነው።

አማቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጅማ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝዎት?» እያሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ድምፃቸው እስከ ዛሬ ያው ነው፤ የጠራ፣ ለሁሉም እኩል ትሑት፣ ለማንም የማይጠጋ። ሠርጋችን ላይ አልመጡም። ልጃቸው በእኔ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ ጴንጤ የሆነ መስሏቸው ነው። እውነቱን ለመናገር እሱ የወጣው እኔን ከማወቁ በፊት ነበር፤ ይህን ግን እሱ አልነገራቸውም፣ እኔም ልነግራቸው አልችልም። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የተገናኘነው ሁለት ጊዜ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። አሁን ግን ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ፣ ልጃቸው ናይሮቢ ላይ ሊያሳክማቸው ወሰነ። የሐኪም ቀጠሮው ሁለት ወር ያህል ይቀረው ነበር። ባለቤቴ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ ቤት አደረሳቸው፣ አንድ እሑድ አብሮን ዋለ፣ ወደ ሞምባሳ ተመለሰ። ሦስት ሴቶች ቀረን።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «እርስዎ» አሉኝ።

አማት ምራቷን፣ ያውም በሃያ ስምንት ዓመት የምታንሳትን! «ይቀመጡ እንጂ፣ እኔ ራሴ እቀዳለሁ።» «ሥራ እንዴት ዋሉ?» «አይድከሙ።» አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ግን በየቀኑ፣ በየምግቡ፣ በዚያች አንዲት ቃል ከደጅ ያስቆሙኝ ነበር። መስመር ላይ እንዳለ የማያውቁት ሰው። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ስሜን እንኳን አይጠሩም።

ከልጄ ጋርም አልሆነላቸውም። ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ አፏ የሚፈታው ግን በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። አያቷ «ትምህርት እንዴት ነው፣ የኔ ልጅ?» ሲሏት «ፋይን ነው» ብላ ትሮጣለች። አማቴም ወደ ኮቴዋ ፊታቸውን አዙረው ይቆያሉ።

ቀን ቀን ጓሮ መቀመጥ ወደዱ። ወንበራቸውን በእጃቸው እየዳበሱ ቧንቧው አጠገብ አስጠጉ። ጨለማውም፣ ቅዝቃዜውም፣ አፓርታማውም አላስቸገራቸውም፤ ከቤቱ ሁሉ ጸጥ ያለው እዚያ ነው። ነጠላቸው ላይ የእኔን ወፍራም ሹራብ ደርበው፣ የማታቱዎቹን፣ የሚኒባስ ታክሲዎቹን፣ ጥሩምባ ከሩቅ እየሰሙ ይቀመጣሉ። ማታ ስመጣ ፈርኖቹን ሳይ፣ ቅጠል ስገለብጥ፣ አፈሩን በጣቴ ስነካ ዝም ብለው ይሰሙኛል። ስለ ተክሉ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ያልነገርኳቸው አንድ ነገር ነበር። ከቅጠሎቹ ጀርባ፣ በሁለት መስመር፣ በልኬት የተሰፋ የሚመስል ነጠብጣብ ወጥቶ ነበር። የጃካራንዳው ዛፍ ሥር ሽማግሌ ነግረውኛል፤ ፈርን አበባም ፍሬም የለው፤ ዘሩ ያ ነጠብጣብ ነው። በደንብ ቡናማ ሲሆን አንድ ቅጠል ቆርጠሽ ወረቀት ላይ ታስተኚዋለሽ፣ በማግስቱ እንደ ሽሮ የላመ ዱቄት ታገኚያለሽ፣ ያንን እርጥብ አፈር ላይ ትበትኛለሽ አሉኝ። ስለዚህ እየጠበቅኩ ነበር። መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ፈዛዛ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ። ቅዳሜ እቆርጣለሁ ብዬ ቀን ቆርጬ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ተመለስኩ። ነሐሴ ነበር፣ የናይሮቢ ብርድ አጥንት የሚገባበት ወር፤ ልጄ ትምህርት ቤት ተዘግቶላት ቤት ናት። ጓሮ ስወጣ አማቴ ወንበራቸውን ትተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። በአንድ እጃቸው እርጥብ ጨርቅ ይዘዋል። አጠገባቸው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቡናማ ውሃ አለ። የሁለቱም ፈርን ቅጠሎች ከላይ እስከ ታች ረጥበው ያብረቀርቃሉ። አንዱን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው፤ ንጹሕ አረንጓዴ። ሌላውንም ገለበጥኩ። ሁለት ቅጠሎች ተሰብረው በጥንቃቄ ጎን ለጎን ተጋድመዋል።

«መጡ?» አሉኝ። ፊታቸው ላይ አይቼው የማላውቀው ደስታ ነበር። «እንኳን ደረስኩበት። ታሞብዎት ነበር እኮ። ከቅጠሉ ሥር ሁሉ እከክ ወጥቶበት ነበር፤ በጣቴ ነው ያገኘሁት። ከጠዋት ጀምሮ አንድ በአንድ ጠረግሁልዎት።»

ቀኑ ከባድ ነበር፣ ማታቱ አጥቼ በእግሬ ነው የመጣሁት፤ ይህን ሁሉ አሁን ማለት እችላለሁ። ያን ጊዜ ያልኩት ግን ይህ ነው።

«ማን ንኩት አለዎት? እባክዎ የማያውቁትን ነገር አይንኩ! እከክ አይደለም፣ ዘሩ ነው! ስንት ወር የጠበቅኩትን!»

ድምፄ ግንቡ ላይ ሲያስተጋባ ለራሴም ተሰማኝ። አማቴ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። ከዚያ በዚያ በጠራው የስልክ ድምፃቸው «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። ግንቡን ተደግፈው ተነሡ። ሳህኑን ቧንቧው ሥር ግንቡ ላይ ደፉት፣ ጨርቁን ጨምቀው ጠርዙ ላይ አሰጡት፣ በሩን እየዳበሱ ገቡ። ልረዳቸው እጄን አልዘረጋሁም።

በማግስቱ ጓሮ አልወጡም። በሦስተኛውም ቀን አልወጡም። ሳሎን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው «ደህና አደሩ?»፣ «ደህና ዋሉ?» ይሉኛል፤ ሌላ ነገር የለም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ልጄ ወጥ ቤት ተከተለችኝና በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ማሚ፣ አያቴ ባኞ ቤት ገብታ ክራይ ታደርጋለች፣ ታለቅሳለች። ውሃውን ትከፍታለች እንዳይሰማ። ግን ይሰማል።»

«መቼ?»

«ኤቭሪ ዴይ። ከዚያ ቀን ጀምሮ።» ጀርባዋን በሩ ላይ አስደገፈች። «ደግሞ እኔም አውቅ ነበር። ጠርታኝ ‹ይህ ምንድነው? እይልኝ› አለችኝ። እኔ ሳየው በግስ መሰለኝ። ‹አዎ አያቴ፣ ትል ነው› አልኳት። ለብ ያለ ውሃ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። እሷን ብቻ ነው የተቆጣሽው።»

ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላዋ አስቀመጥኩት። ዓይናቸው ለማያይ ሴት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ብርድ ላይ ተቀምጠው የሁለት ተክል ሙሉ ቅጠል በጣታቸው ጫፍ አንድ በአንድ ለጠረጉ ሴት ነበር ያን ያልኩት። ወዲያው ሳሎን ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ይገባ ነበር። አልቻልኩም። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ።

ሰኞ ጠዋት ከመሄዴ በፊት ጓሮ ወጣሁ። ከታች ግንቡን የተጠጋች አንዲት ትንሽ ቅጠል ሳትጠረግ አምልጣለች። ቆርጬ በወረቀት ጠቅልዬ ክሊኒክ ወሰድኳት። በምሳ ሰዓት ከነጠብጣቡ ጥቂት ፍቄ ስላይድ ላይ አድርጌ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁ። ስንት ዓመት በዚያ መሣሪያ በሽታ ስፈልግ ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። እያንዳንዷ ነጠብጣብ በውስጧ ብዙ ትንንሽ ከረጢቶች አሏት፤ እያንዳንዱ ከረጢት ጀርባው ላይ ቀበቶ የመሰለ ነገር ታጥቋል። የመብራቱ ሙቀት ሲያደርቀው ቀበቶው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይለመጣል፣ ይለመጣል፣ ድንገት ተፈናጥሮ ዱቄቱን ይረጨዋል። በስልኬ ቀረጽኩት።

ማታ አማቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስልኬን አውጥቼ ዘረጋሁላቸው፤ ከዘረጋሁ በኋላ ነው ማየት እንደማይችሉ ትዝ ያለኝ። እንደገና አፈርኩ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አልኩ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ከረጢቱን፣ ቀበቶውን። እጃቸውን ይዤ ጣታቸውን ወደ ኋላ ለመጥ አደረግሁና ለቀቅሁት። «እንዲህ ነው የሚወረወረው።»

«ለካ እንደዚያ ነው» አሉ። ጣታቸውን ራሳቸው ደገሙት። «በጣቴ ስነካው ሸካራ ነበር። የታመመ ነው ያልኩት።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ። እንደዚያ መናገር አልነበረብኝም።»

«የለም፣ እውነትዎን ነው። ሳልጠይቅ ነካሁ።» ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ከሥራ ሲመለሱ ጫማዎን ሳያወልቁ ቀድመው የሚሄዱት ወደ እሱ ነው። እሰማለሁ። ቤት ሲገቡ ድምፅዎ የደከመ ነው፤ ከእሱ ጋር ቆይተው ሲመጡ ሌላ ነው። ታዲያ ይህ ነገር ቢሞትባቸውስ አልኩ። እኔ በዚህ ቤት የምሠራው የለኝ። ይህን እንኳን ላድንላቸው ብዬ ነው።»

ስልኬን ወደ ኪሴ መለስኩት። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም።

«የሠርጋችሁ ቀን ደውዬ ነበር» አሉ። «ልጄ ስልኩን ለሚዜው ሰጥቶት ነበር መሰለኝ፣ ሌላ ሰው አነሣው። ‹ማን ልበል?› አለኝ። ከኋላው ስትዘምሩ ይሰማኛል። እልልታም ነበር። ማን እንደሆንኩ ሳልነግረው ዘጋሁት። የዓለምን ሰው ሳገናኝ ኖሬ የራሴን መስመር ዘጋሁ።»

ልጄ ከክፍሏ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። ምን ያህሉን እንደተረዳችው አላውቅም፤ መጥታ ግን አያቷ እግር ሥር ቁጭ አለች። በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ስወጣ አማቴ ወንበራቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ሲሄዱ አየሁ፤ ልጄ ከኋላቸው ሻይ ይዛለች።

የዓይናቸው ቀዶ ሕክምና መስከረም ውስጥ ተደረገ፤ መጀመሪያ አንዱ ዓይን። ባለቤቴ ፈቃድ ስላላገኘ ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። ነርሷ አረንጓዴ ቆብ ስታጠልቅላቸው ፈገግ ብለው «እግዜር ይስጥዎት» አሏት በአማርኛ። ወደ ውስጥ ሲወስዷቸው እኔ ውጭ ቀረሁ። ግማሽ ሰዓት እንኳን አልፈጀም ይሉኛል፤ ለእኔ ግን ግማሽ ቀን ነበር።

ካወጧቸው በኋላ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የታከመው ዓይን በፋሻ ተሸፍኗል፣ ሌላው ገና ሞራ አለበት። ዙሪያቸውን በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ይነገራል። እኔ ቆሜ ስለ መድኃኒቱ ነርሷን እየጠየቅኩ ነበር። አማቴ እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ፣ አየሩን ዳበሱ።

«አለሽ?» አሉ።

በትክክል ሰማሁት። ያ የስልክ ድምፅ አልነበረም። የፈራች እናት ድምፅ ነበር።

«አለሁ፣ እማማ» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።

«እንዳትሄጂ።»

«የት እሄዳለሁ፣ እዚሁ ነኝ።»

ነርሷ ስለ ጠብታው የነገረችኝን ሁሉ በኋላ እንደገና መጠየቅ ነበረብኝ፤ አንዱንም አልሰማሁም። ታክሲ ውስጥም እጄን አልለቀቁም። «እርስዎ» ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም፤ እሳቸውም አላነሡት፣ እኔም አላነሣሁት።

ፋሻው በማግስቱ ተፈታ። ሐኪሙ ጣቶቹን እያሳየ ስንት ናቸው ሲላቸው ቆጠሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ሽበት አለሽ እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጥቂት።»

«የሠርጋችሁ ፎቶ ላይ አልነበረሽም።» ከዚያ ጉንጬን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉ። «ከስተሻል። ማን ነግሮኝ፣ ድምፅሽ የወፍራም ሰው ነው።»

ሐኪሙ አማርኛ ባያውቅም ስንስቅ አብሮን ሳቀ።

ቤት እንደገባን በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዱ። ፈርኖቹ ፊት ቆመው ራሳቸውን ወደ ጎን ዘንበል አደረጉ። «ይሄ ነው?» አሉ። «እኔ ሳጥበው የጓሮውን ግማሽ የሚያክል መስሎኝ ነበር።» ጎንበስ ብለው የአንዱን ቅጠል ጀርባ ገለበጡ። አዲስ ነጠብጣብ ወጥቶበት ነበር፣ ገና አረንጓዴ። እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ፤ «አልነካሁም!» አሉ። ልጄ ከሣቋ የተነሣ በሩን ተደግፋ ቁጭ አለች።

ሁለተኛው ዓይን በጥቅምት ታከመ። ከዚያ በኋላ ዓይናቸው ያላየው ነገር አልነበረም፤ ከመጋረጃዬ በላይ ያለውን አቧራ፣ የልጄን የጥፍር ቀለም፣ አፓርታማው ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚሰጣውን ልብስ። በኅዳር ትንሹ ዝናብ ገባ፣ ጓሮው ለሳምንታት ሳይደርቅ ቆየ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አማቴና ልጄ ቧንቧው ሥር ተንበርክከዋል፤ ልጄ በስልኳ መብራት ግንቡን ታበራለች።

«ነይ እስቲ» አሉኝ አማቴ። «ይህ ደግሞ ምንድነው? ዘንድሮ ሳልጠይቅ አልፍቅም።»

ግንቡ ላይ፣ የጡቡ ማያያዣ በተቦረቦረበት ሁሉ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ስስ አረንጓዴ ቅርፊቶች ተለጥፈዋል። ጠጋ ብዬ ሳያቸው እያንዳንዳቸው የልብ ቅርጽ አላቸው። ፎቶ አንሥቼ በማግስቱ ጃካራንዳው ሥር ላሉት ሽማግሌ አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ እንደገና አስጠጉ።

«ፈርን ነው» አሉ። «ፈርን መጀመሪያ እንዲህ ነው፤ እናቱን አይመስልም። ከዚህች ላይ ነው ትክክለኛው የሚነሣው፣ ውሃ ካላጣች። ማን ዘራው?»

ውሃውን የደፉት አማቴ ናቸው አልኳቸው።

«ወይም ነፋስ» አሉ ትከሻቸውን ሰብቀው። «ነፋስም ይዘራል።»

ቤት ስደርስ ሁለቱንም ነገርኳቸው፤ ነፋሱንም ጭምር። አማቴ «ነፋስ ነው» አሉ ወዲያው፣ ልጄ ግን «ኖ ዌይ» አለች። «አያቴ ናት። የደፋሽበት ቦታ እኮ ነው፣ አያቴ! ኤግዛክትሊ እዚያ!» ሁለቱ በዚህ ጉዳይ ለሳምንት ተከራከሩ። አንዷ በአማርኛ፣ ሌላዋ በሦስት ቋንቋ። በክርክሩ መሐል የልጄ አማርኛ እየረዘመ ሄደ፤ በአያቷ ላይ ለመርታት ቃል ያስፈልጋታልና። አንድ ማታ «አስተባብለሻል» ስትል ሰምቼ ከየት አመጣችው ብዬ ገረመኝ።

አማቴ ለገና ሊመለሱ ትኬት ተቆርጦላቸው ነበር። አዘገዩት። ለባለቤቴ በስልክ «ሐኪሙ ቆዪ ብሎኛል» አሉት፤ ሐኪሙ ያለው ነገር የለም። በየጠዋቱ ግንቡን በመርጫ ያርሱታል፤ የቧንቧ ውሃ ማሰሮ ውስጥ አሳድረው፣ በጣም እንዳይቀዘቅዝ እያሉ። ጥር መጨረሻ ላይ ከአንዷ ቅርፊት ሥር ክር የመሰለች ነገር ቀና አለች፤ ጫፏ ላይ ከጥፍር የምታንስ አንዲት ቅጠል። በሳምንቱ ሦስት ሆኑ። አብዛኞቹ ቅርፊቶች ደርቀው ጠፉ፣ አንዳንዱን ቀንድ አውጣ በላው። ሰባት ቀሩ። አማቴ በማንኪያ አንሥተው በእርጎ ኩባያ ውስጥ፣ የበሰበሰ ቅጠል አድርገው፣ መሐሉን አፈር ሳያለብሱ ተከሏቸው። ይህን ማንም አላስተማራቸውም ማለት አልችልም፤ ልጄ ከኢንተርኔት እያነበበች በአማርኛ ትተረጉምላቸው ነበር፤ አንዳንዱን ቃል የፈጠረችው ይመስለኛል።

አንዱን ይዘው ሊሄዱ ፈለጉ። ተክል ያለ ወረቀት ድንበር እንደማያልፍ ነገርኳቸው፤ ከፋቸው፣ ግን አልተከራከሩም። ከጅማ ወጣ ሲባል ባለው ጫካ ውስጥ የዚህ ዘመዶች በየዛፉ ሥር እንደሞሉ፣ በልጅነታቸው ሲረግጧቸው እንደኖሩ፣ ስማቸውን ግን ማንም እንዳልነገራቸው አጫወቱን። «ስመለስ ገልብጬ አያቸዋለሁ» አሉ።

የሄዱት የካቲት ውስጥ ነው። ባለቤቴ ከሞምባሳ መጣ። ከመውጣታቸው በፊት ከሰዓት በኋላ ሳሎን ተቀመጥን። አማቴ ከቦርሳቸው የጸሎት መጽሐፋቸውን አወጡ፤ ለስንት ዓመት በቃላቸው ሲደግሙት የኖሩትን አሁን በዓይናቸው እየተከተሉ አነበቡልን። ሲጨርሱ መጽሐፉን ዘግተው ወደ እኔ አዩ።

«እናንተም ጸልዩልኝ እንጂ» አሉ።

ባለቤቴ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ፤ መሐል ላይ ድምፁ ተቆረጠበትና የጨረስኩት እኔ ነኝ። አማቴ «አሜን» አሉ፣ ጮክ ብለው።

አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም። ጉንጬን ሳሙኝ፣ በግንባሬ ላይ በአውራ ጣታቸው አማተቡ። «ልጅቷን ሹራብ አልብሻት» አሉኝ። «አንቺም ማታ ማታ ጓሮ ስትወጪ ነጠላ ጫማ ብቻ አታድርጊ። ብርዱ ከእግር ነው የሚገባው።» ሻንጣቸውን ራሳቸው እየጎተቱ፣ የበሩን ጽሑፍ እያነበቡ ገቡ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ ግንባሯን መስተዋቱ ላይ አስደግፋ የቆሙትን መኪኖች ታያለች።

«መቼ ነው የምትመለሰው?» አለች በመጨረሻ።

«ለገና ትመጣለች» አላት አባቷ።

«የትኛው ገና? የኬንያው ነው ወይስ የእሷ?»

ባለቤቴ እኔን አየኝ። በእኛ ቤት ይህ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም፤ እስካሁን እዚሁ አገር ከሰው ጋር አክብረን እናልፈዋለን።

«ለመጀመሪያው ትመጣለች» አልኳት። «የእሷን ደግሞ አብረን እናከብራለን።»

ልጄ በጣቶቿ ቀኖቹን ቆጠረች። «ሁለት ሳምንት ነው መሐሉ» አለች። «ትንሽ ነው። ቀደም ብላ ትምጣ።»